ቀትር ላይ ሱቅ መዝጋት የተከለከለ ጊዜ

እኛ ሱቅ በከፈትንበት ዘመን፣ ልጆች፣ የመክፈቻ ሰዓት፣ የመዝጊያ ሰዓት ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም። ጅጅጋ ናታ። ጠዋት ነፋሱ አቧራውን ሳያነሳው ትከፍታለህ፣ ቀትር ላይ ሰዉ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ ትዘጋለህ፣ ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ደግሞ ከፍተህ እስኪመሽ ትሸጣለህ፣ በቃ። እንደ ድሬዳዋ አይፋጅም የኛ አየር፤ ግን ቀትር ላይ ይሄ ከተማ ይተኛል። ሶላቱ አለ፣ ምሳው አለ፣ ጫቱ አለ፣ ባጃጁ ራሱ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። እና ለማን ትከፍታለህ?

ይሄን ሁሉ የማወራው ስለ ሆዳን ስለጠየቃችሁኝ ነው። አንቺ መምህርት፣ ግቢዬን ተከራይተሽ የገባሽ ሰሞን፣ «እትዬ አስካለ፣ ከጎንዎ ያለው ሱቅ ለምንድነው የተዘጋው?» አላልሽኝም? ያ የሆዳን ሱቅ ነው። እና የሷን ልነግራችሁ ከሆነ ከሰዓቱ መጀመር አለብኝ፤ ነገሩ የመጣው ከዚያ ነው።

ሆዳን ጎረቤቴ ነበረች። ጎረቤት ስላችሁ ደግሞ ግድግዳችን አንድ ነው። የኔ አባት ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ የሷ አባት ከቱሊ ጉሌድ ከብት እየነዳ ሲመላለስ ከተማውን ለምዶ የቀረ። ሁለታችንም ሱቁን የወረስነው ከነሱ ነው። የምንሸጠውም አንድ ዓይነት ነው፤ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና። ሰው ይገርመዋል። «ጎን ለጎን አንድ ዕቃ እየሸጣችሁ እንዴት አትጣሉም?» ይሉናል። ምን ያጣላናል? ዓርብ እሷ ለጁምዓ ስትዘጋ ደንበኞቿ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ እሁድ ጠዋት እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የኔዎቹ ወደ እሷ ይሄዳሉ። ዘይት ሲያልቅብኝ ከሷ እበደራለሁ፣ ስኳር ሲያልቅባት ከኔ ትወስዳለች። እንዲሁ ነው የኖርነው።

ታዲያ ያ መንግሥት የተለወጠበት ዓመት፣ ያ ክረምት መጣ። እሱን ብዙ አላወራውም፣ ታውቁታላችሁ። ከመሃል አገር የመጣን ሰዎች ሱቅ እየተሰበረ ይዘረፍ ነበር፣ እና ሆዳን ገና ጩኸቱ ከሩቅ ሲሰማ መጣችና እጄን ያዘችኝ። «ናያ አስካለ፣ ነይ ግቢ» አለችኝ፤ ናያ በነሱ አንቺ እንደማለት ነው። «ወዴት?» ብላት፣ «ግቢ ብያለሁ» አለችና ከሷ ሱቅ ጓዳ፣ ከሩዙ ጆንያ ኋላ አስቀመጠችኝ። ከዚያ እሷ ወንበሯን አወጣችና በሁለቱ ሱቆች መሃል ተቀመጠች። እኔ ውስጥ ሆኜ እሰማታለሁ። ሲመጡባት በሶማልኛ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ «ይሄም የኔ ነው፣ ያም የኔ ነው። የማንን ልትወስዱ ነው?» ትላቸዋለች። ይከራከሯታል፣ እሷም ያንኑ ትደግመዋለች። የኔ ሱቅ አልተነካም። ከዚያ መስመር ያልተነካ ከኛ ሁለት በቀር ብዙም አልነበረም።

ነገሩ ከተረጋጋ በኋላ አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ፣ «ይሄ ግድግዳ ግን ለምናችን ነው?» አለችኝ። እኔም እውነቷን ነው አልኩ። ግንበኛ ጠራንና በመሃል በር አስከፈትን። ትንሽ በር ናት፣ ጎንበስ ብለሽ ነው የምታልፊው፤ ግን አየሽ፣ ከዚያ ወዲህ አንዳችን ስንታመም ሌላችን ሁለቱንም እንጠብቃለን።

እና እንዲህ ስንኖር ኑሮው መወደድ ጀመረ። ዕቃ ይጠፋል፣ ደግሞ ሲመጣ ዋጋው ሌላ ሆኖ ይመጣል። ያኔ ነው የመንግሥት ሰዎች መኪና ላይ ድምጽ ማጉያ ጭነው ሰፈር ለሰፈር መዞር የጀመሩት። «ማንኛውም ነጋዴ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሱቁን ክፍት ማድረግ አለበት! በሥራ ሰዓት ዘግቶ የተገኘ ምርት እንደደበቀ ተቆጥሮ ይታሸግበታል!» እንዲህ እያለ ያልፋል። እኔ ለሆዳን፣ «ቀትርም ጭምር ማለታቸው ነው?» አልኳት። «ቀትርም ነው የሚሉት» አለች። «ያንቺ ግፊትስ?» አልኳት። የደም ግፊት ነበረባት፤ ሐኪሙ ቀትር ላይ ጋደም በይ ብሏታል። ሳቅ አለችና፣ «በሩ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

እና እንደዚያው አደረግን። ቀትር ላይ እሷ ጓዳ ምንጣፏን ዘርግታ ትተኛለች፣ እኔ በዚያች በር እየተመላለስኩ ሁለቱንም ሱቅ እጠብቃለሁ። ዓርብም እንዲሁ፣ እሁድም እሷ ለኔ። ሁለቱም ሱቅ ክፍት ነው፣ ትእዛዙም ተከበረ። አይደለም እንዴ?

ታዲያ አንድ ቀን ቀትር ላይ ከንግድ ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያ መጣ። ከመሃል አገር ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው፣ ጨዋ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፤ እናቴ ሳይል አያወራም። እኔ ያኔ በሆዳን ሱቅ ለአንዲት ሴት ፓስታ እየሰጠሁ ነኝ።

«እናቴ፣ ይሄ ሱቅ የማነው?» አለኝ።

«የሆዳን።»

«እርስዎ ሠራተኛዋ ነዎት?»

«አይ፣ እኔ የዚያኛው ሱቅ ነኝ።»

በሯን አያት፣ ጎንበስ ብሎ ወደኔ ሱቅ ተመለከተ። ከዚያ ዋጋ የጻፍንበትን ካርቶን አየ፣ የሷንም የኔንም። «ዋጋችሁ አንድ ነው» አለኝ።

«አዎ፣ አንድ ነው።»

«ዋጋውን የሚያወጣው ማነው?»

«እኛ።»

«እኛ ማለት?»

«እኔና እሷ ነና፣ ሌላ ማን ይሆናል?»

ደብተሩ ላይ ጻፈ። ከዚያ፣ «እናቴ፣ እንደሱ አይቻልም» አለኝ። በማግስቱ ሁለቱም ሱቅ ታሸገ። እዚህ ጋ፣ ቁልፉ ላይ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጠፉበት።

ጽሕፈት ቤቱ ተመላለስን። ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉናል፣ መስክ ወጥተዋል ይሉናል፣ ነገ ኑ ይሉናል፣ ኮሪደሩ ላይ እንቀመጣለን፣ ሆዳን እግሯ ያብጣል። ስኳሩን ጉንዳን እየጨረሰው እንደሆነ እናውቃለን፣ ግን መክፈት አንችልም። በመጨረሻ ያው ልጅ አስገባን።

«እናቶቼ፣ እባካችሁ ተረዱኝ» አለ። እንዲህ እጆቹን አጣምሮ ነው የሚያወራው። «እናንተ በሕግ ዓይን ተፎካካሪ ናችሁ። ተፎካካሪ ነጋዴዎች ደግሞ ዋጋ ተስማምተው መሸጥ ክልክል ነው። ገበያ ተከፋፍሎ አንዱ ሲዘጋ ሌላው መሸጥም እንደዚያው። ሕጉ የወጣው ለሸማቹ ነው።»

«ሸማቹ አኩርፏል እንዴ?» አልኩት።

«ማኩረፉ አያስፈልግም፣ እናቴ። ውድድር ከሌለ ይጎዳል።»

ሆዳን ያበጠ እግሯን እያሻሸች ትሰማው ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ልጄ፣ ስኳር የሚያመጡልን አከፋፋዮች አንድ ጠዋት ተነስተው ሁሉም እኩል ይጨምሩብናል። እነሱንስ ጠርተህ ጠይቀሃል?» አለችው።

ልጁ ጠረጴዛውን አየ። «እሱ በኛ ደረጃ የሚታይ አይደለም» አለ። አልዋሸም፣ እውነቱን ነው የነገረን። ደስ እንዳላለው ፊቱ ላይ ይታያል።

ታዲያ እሽጉ የሚነሳው በሩን ከደፈንን፣ ዋጋችንንም ለየብቻ ካወጣን ነው ተባለ። «ከእንግዲህ ስለ ዋጋ አትነጋገሩ» አለን። ሆዳን፣ «ሀዬ» ብላ ተነሳች። እሺ ማለቷ ነው።

ግንበኛው በብሎኬት ደፈነው። ግማሽ ቀን እንኳን አልፈጀበትም፣ እሽጉም ተነሳ። እና ቀላል ነገር ይመስላል፣ አይደል? ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ሁለት ባለሱቅ ሴቶች ስለ ዋጋ ካላወሩ ስለ ምን ያወራሉ? ሻይ ልጠጣ ስሄድ ልጁ በዚያ ቢያልፍስ እላለሁ። እሷም እንደዚያው ትላለች መሰለኝ። መጀመሪያ ከሩቅ ሰላምታ ብቻ ሆነ፣ ከዚያ እሱም አጠረ። ደንበኛ ይመጣና፣ «ሆዳን እኮ በዚህ ነው የምትሰጠው» ይለኛል፣ እቀንሳለሁ። በማግስቱ እሷ ቀነሰች ይሉኛል። ማንኛችን እንደጀመርን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ሰው ሳሙና ከኔ ይገዛል፣ ሩዝ ከሷ ይገዛል፣ ደስ ብሎታል፤ እሱ አይካድም። እኛ ግን ደከመን።

እና ቀትሩ ደግሞ አለ። አሁን ሁለታችንም ለየራሳችን ሱቅ እንቀመጣለን። ሠራተኛ እንዳንቀጥር ንግዱ አይችልም። ከተማው ተኝቷል፣ እኛ ሁለት አሮጊቶች ግራና ቀኝ ወንበራችን ላይ ተቀምጠን የባዶ መንገድ አቧራ እናያለን።

አንድ ቀን እንደዚያ ሳለን ከግድግዳው ወዲያ የሆነ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ። ካርቶን መሰለኝ። ሳሙና የምትደረድርበት መደርደሪያ ከላላ ቆይቷል፣ እሱ ነው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ አንድ የባጃጅ ሾፌር ውሃ ሊገዛ ገብቶ ኖሮ፣ «ኤዶ! ኤዶ!» ሲል ሰማሁ። አክስቴ እንደማለት ነው በነሱ፣ ትልቅ ሴት እንደዚያ ነው የሚጠሯት። ድምጹ ሌላ ነበር። ሮጥኩ፣ በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ። ሆዳን ከወንበሯ ወድቃ ግንባሯ ሲሚንቶው ላይ ነው። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ታየኛለች፣ አፏ ግን አይታዘዛትም። በዚያው ባጃጅ ጫንናት። ሐኪም ቤት እስክንደርስ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር፣ እኔም ዝም ብዬ፣ «እዚህ ነኝ፣ ሆዳን፣ እዚህ ነኝ» እላታለሁ።

ተረፈች፣ አላህ ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ግራ እጇ ቀረ፣ ንግግሯም ተጎተተ። ልጇ ከቱሊ ጉሌድ መጥታ ወሰደቻት፣ ሱቁም እንደምታዩት ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያ ባለሙያ መጣ። ሰምቷል። በሩ ላይ ቆመ፣ አልገባም። «ግባ» ብዬ ወንበር ሰጠሁት። ተቀመጠ። ከዚያ፣ «እናቴ፣ አለቃዬን ጠየቅኩ። የሐኪም ወረቀት ላላት ሰው ቀትር መዝጋት ይፈቀድ ነበር አሉኝ። ጎረቤታሞች አትነጋገሩ የሚልም የለም፤ ስለ ዋጋ ብቻ ነው። ብትነግሩኝ ኖሮ...» አለ።

«ማን ይነግርሃል፣ ልጄ?» አልኩት። «ሆዳን እንኳን ለመንግሥት ለልጇም ታምሜያለሁ አትልም። እኛ ደግሞ ማኅተም ካየን ወዲህ ቢሮአችሁን መርገጥ ፈራን።»

«እኔ የተላክሁትን ነው የሠራሁት» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። ምን ልበለው? ከኔ ልጅ ያንሳል። ውሃ ጠጣና ሄደ፣ ከዚያ ወር ሳይሞላ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ ብለው ነገሩኝ።

እና ትእዛዙ? ተነስቷል ያለን የለም፣ ድምጽ ማጉያውም ተመልሶ አልመጣም። አንድ ባለሱቅ ቀትር ላይ ዘጋ፣ ምንም አልተባለም፤ ሌላው ዘጋ፣ ከዚያ ሁሉም ዘጋ። ዛሬ ቀትር ላይ ብትወጡ መንገዱ እንደ ድሮው ጭር ብሏል። አከፋፋዮቹም እንደ ድሮው ናቸው፣ አንድ ጠዋት ተነስተው እኩል ይጨምራሉ።

ባለፈው በሚኒባስ ሄጄ አየኋት። ግቢያቸው ውስጥ ጥላ ሥር አስቀምጠዋታል፣ ደኅና እጇን ዘርግታ ያዘችኝ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስለ ዋጋ ነው ያወራነው። ዘይት እንዴት ሆነ ትለኛለች፣ እነግራታለሁ፤ ሩዙስ ትላለች። አንድ ቃል እስክታወጣ እጠብቃታለሁ። ልጇ፣ «ሌላ ወሬ የላችሁም እንዴ?» እያለች ሳቀችብን።

እንግዲህ መምህርት ቅድም፣ «ሕጉ ክፉ ነበር ማለት ነው?» አልሽኝ። እኔ እንደዚያ አልልም። ነጋዴ ቁጥጥር ያስፈልገዋል፤ እናት ለልጇ ዘይት ስታጣ ጓዳው ሞልቶ የለም የሚል ነጋዴ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ያንን የሚደብቀውን ሳይነኩት እኛን አገኙን። ቅርብ ነና፣ በራችን ክፍት ነው፣ ሲጠይቁን እንመልሳለን። ደግሞ ቀትር ላይ ክፈቱ የሚል ሰው መጀመሪያ ራሱ አንድ ቀን መጥቶ ጅጅጋ ላይ ሱቅ ውስጥ ቢቀመጥ ጥሩ ነበር። እኔ የምለው ይሄንን ብቻ ነው። ደክሞኛል፣ ሌላ የምለው የለኝም።

«እትዬ አስካለ፣ ቱሊ ጉሌድ ሲሄዱ እኔም ልምጣ?» ነው ያልሽኝ፣ መምህርት?

ነይ። ሰው ትወዳለች። ብቻ ስታወራ ቃሉን አትንጠቂያት፤ እሷ እስክትጨርሰው ታገሺ።