ላሚቱ ወለደች ወይ?

ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ ከጎኗ ላለ ወጣት ታወራለች።

«አረብ አገር ያለችው ልጄ ትናንት ደወለችና ‹እርስዎ› አለችኝ።»

«ታዲያ አክብራዎት ነዋ፣ እናቴ።»

«ምን አክብሮት! ‹እርስዎ› የምትለው አባቷን ነው፤ እሱንም በአማርኛ። ከወንድሟ ጋር ስድብና ሳቅ ነው። እኔን ግን ‹አንቺ› እያለች በኽምጥኛ ነው የምታጫውተኝ።»

«ትናንትስ?»

«በኽምጥኛ ብጠይቃት በአማርኛ መለሰችልኝ።»

«ከአበሾች ጋር ስትውል አማርኛው ለምዶባት ይሆናል።»

«አይደለም አንተ! በኽምጥኛ እንዳታወራ የከለከላት፣ አማርኛ የሚሰማ ሰው አጠገቧ ቆሟል።»

«በምን አወቁ?»

«‹ላሚቱ ወለደች ወይ?› አለችኝ።»

«ምን አለበት ታዲያ?»

«ላሚቱን ሸጠን አይደል እንዴ እሷን የላክናት!»

ትንሽ እንደሄድን የሴትዮዋ ስልክ ጠራ። በኽምጥኛ ጀመረችና ቆም ብላ አዳመጠች።

«እሺ ልጄ» አለች በአማርኛ፣ ረጋ ብላ። «ሁላችንም ደህና ነን። ላሚቱም ወልዳለች።»

መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።