ፈለቀ ጎሚስታ

(በአዲስ አበባ ዳርቻ፤ የመንደሩ የመንገድ ስያሜ ኮሚቴ ሰብሳቢ አስናቀ፣ አዲስ የመንገድ ስም ታፔላ ሊያስተክል መጥቶ፣ ብቻቸውን የሚኖሩት ጎረቤቱ በራቸው ላይ አስቁመውታል።)

እትዬ፦ እኔ በሕይወት እያለሁ ይሄ ታፔላ እዚህ አይተከልም አልኩህ እኮ!

አስናቀ፦ ኧረ እትዬ! ኮሚቴው «የሰላም መንገድ» ብሎ ወስኗል፤ እኔ ምን ላድርግ?

እትዬ፦ ማን ከማን ተጣልቶ ነው ሰላም የምትሉት? ሰዉ ሁሉ «ፈለቀ ጎሚስታ» ነው የሚለው።

አስናቀ፦ ጎሚስታው የታለ? ጎማ መጠገኛ ቤቱ ፈርሶ ፋርማሲ ሆኗል።

እትዬ፦ ዝግባ ሰፈር ዝግባ አለ? ከነሥሩ ተነቅሎ ባንክ ተሠራበት፤ ስሙን ግን ማንም አልነካውም።

አስናቀ፦ እሱ ዛፍ ነዋ!

እትዬ፦ ይሄ ሁሉ ሜዳ ሆኖ ጅብ ሲጮህበት ማን ነበር ቀድሞ የገባው? ባሌ ነው። አንድ አሮጌ ጎማ አጥሩ ላይ ሰቅሎ ሥራ ጀመረ። ሰዉ «ፈለቀ ጋ አውርደኝ» ሲል ሲል ስሙ እዚያው ቀረ። ማንም ስብሰባ አልተቀመጠበትም።

አስናቀ፦ በእሱስ ልክ ነዎት። ግን ጋሽ ፈለቀ ከሄዱ ስንት ዘመን ሆናቸው?

እትዬ፦ ጎማ ልግዛ ብሎ ናዝሬት እንደወጣ ነው የቀረው። ልጄ ያኔ ጡት አልጣለችም፤ ይኸው እሷም አግብታ ሄደች። ጎረቤቱም እየሸጠ ወጣ። ስሙን አንስቼ የማወራው ሰው የለኝም፣ አስናቀ። በር ላይ ስቀመጥ ግን የታክሲው ረዳት «ፈለቀ! ወራጅ አለ?» ሲል እሰማለሁ። እሱን አትውሰዱብኝ።

አስናቀ፦ እትዬ…

እትዬ፦ ደግሞስ ቢመጣ? ሰፈሩ እንዲህ ተለዋውጦ በምን ያውቀዋል? የራሱን ስም ሲሰማ ይወርዳል።

አስናቀ፦ ወርደዋል።

እትዬ፦ ምን አልክ?

አስናቀ፦ አምና፣ ጥቅምት ላይ። አንድ ታክሲ ውስጥ ነበርን። ረዳቱ ሲጣራ ደንገጥ አሉና ተከትለውኝ ወረዱ። «ፈለቀ ነኝ፤ አለች?» አሉኝ። «አሉ» አልኳቸው።

እትዬ፦ እሺ… ከዚያስ?

አስናቀ፦ በሩ ክፍት ነበር፤ እርስዎ ልብስ ያሰጣሉ። ፋርማሲው ጥግ ቆመው አዩዎት፤ ብዙ ቆዩ። ከዚያ መንገዱን ተሻግረው የመልስ ታክሲ ያዙ። «እንዳትነግራት» አሉኝ።

እትዬ፦ ከስቶ ነበር?

አስናቀ፦ አልከሱም። ደህና ናቸው።

እትዬ፦ ደህና ነው…

አስናቀ፦ ምነው አፌን በቆረጠው! በቃ፣ ታፔላውን እመልሰዋለሁ። ኮሚቴውን ለምኜ «ፈለቀ ጎሚስታ» እንዲባል አደርጋለሁ።

እትዬ፦ ተው! እሱማ ደጄ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። እዚህ የቀረሁት እኔ ነኝ። የኔን ስም ጻፍበት።

አስናቀ፦ እሺ፣ የርስዎን… ይቅርታ እትዬ፣ ስምዎ ማን ነበር?