ከኦፕሬሽኑ በፊት ስለተቀዱት ድምፆች

ቃል ሰጪ፦ የተጠርጣሪው ባለቤት፣ የተጎጂው እህት
ዕድሜ፦ 36
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ባለ ሰማያዊ በር ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ ረፋድ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ ባለቤቴ ወንድሜን በካውያ ግንባሩን መትቷል ስለተባለው ጉዳይ ተጠይቄ የማውቀውን እንደሚከተለው አስረድቻለሁ። ባለቤቴ በመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ተሳፋሪ የሚጠራ ሠራተኛ ነው። በጉሮሮ ካንሰር ምክንያት ማንቁርቱ እንዲወጣ ሐኪሞች ሲወስኑ፣ ከኦፕሬሽኑ በፊት በነበሩት ቀናት ጓዳ ገብቶ በሩን እየዘጋ ድምፁን በስልኩ ሲቀዳ ሰነበተ። ያሰበውም ወደፊት ስልኩን እየነካ በገዛ ድምፁ ሊያናግረን ነው። የቀዳውን በሦስት ፎልደር አስቀመጠ፤ አንዱ ለልጃችን፣ አንዱ ለእኔ፣ ሦስተኛው ሥራውን እንዳያጣ ለመሥሪያ ቤቱ። በየፎልደሩ ያሉትን ፋይሎች ከአንድ ጀምሮ በቁጥር ሰየማቸው። በር ላይ ቆሜ ላዳምጥ ስል ከደረሰብኝ "ምን ያስቸኩልሻል? ኋላ እስኪሰለችሽ ትሰሚዋለሽ" ይለኝ ስለነበር፣ የእኔን አንዱንም አልሰማሁም።

ታናሽ ወንድሜ ፕሮግራመር ነው። ኮምፒውተር ፊት ከተቀመጠ እህል ውሃ አይልም፤ ልቡ ግን ወርቅ ነው። ድምፆቹ በቀላሉ እንዲሰሙ ሁሉም አንድ ቦታ መሆን ስላለባቸው፣ የሚሰበስባቸው አጭር ፕሮግራም ጻፈ። እሱ እንዳስረዳኝ የአንድ ፋይል ሙሉ አድራሻ ረጅም ነው፤ ፎልደሩ ከፊት ይመጣል፣ የፋይሉ ስም ከመጨረሻው እዝባር፣ ማለትም ከዘንባላዋ መስመር በኋላ ነው። ፕሮግራሙ የፊቱን እየጣለ ስሙን ብቻ እየወሰደ፣ ፋይሉን በዚያው ስም ወደ አዲሱ ቦታ ያዛውር ነበር። በልጃችን ፎልደር ብቻ ሲሞክረው ምንም አልሆነም። ሦስቱንም ሲሰበስብ ግን የእኔ "አንድ" የልጄን "አንድ" ደመሰሰ፤ የመሥሪያ ቤቱ "አንድ" ደግሞ የእኔን። የሥራው ከሁሉም ይበዛ ስለነበር ከእኛ አንድም አልተረፈም። ስልኩ ሞልቶ ስለነበርም ሌላ ቅጂ አልተያዘም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤቴ ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ፣ በስፌት ክፍሌ ተሰብስበን ሳለ ልጃችን "መጀመሪያ የኔን!" ብላ ስልኩን ነካች። ስልኩም "የመስመር አምስት ተሳፋሪዎች፣ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ወደ በሩ ቅረቡ" አለ። አባቷ የቀለደባት መስሏት ከት ብላ ሳቀች። ሁለተኛውን ነካች፣ ሦስተኛውን ነካች፤ ሁሉም የመናኸሪያ ነው። የወንድሜ ፊት ዐመድ መሰለ። "እታለም፣ ስማቸው አንድ ዓይነት መሆኑን አላየሁም። ጉድ ሠራኋችሁ" አለኝ። ባለቤቴ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ በኦፕሬሽኑ ለመተንፈሻ ከተከፈተለት የአንገቱ ቀዳዳ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ያን ጊዜ ነው ካውያውን አንስቶ የመታው። ካውያው ቀዝቃዛ እንደነበረ ይመዝገብልኝ። ቁስሉም ሦስት ቦታ ተሰፍቷል፤ ሙያዬ ነውና አይቼዋለሁ፣ ስፌቱ ደህና ነው። ፖሊስ የጠሩት ጎረቤቶች ናቸው።

የጠፋው ድምፅ ምን ይል እንደነበር በመርማሪው ተጠይቄ አላውቅም ብያለሁ። ትናንት እዚሁ ጣቢያ ታስሮ ሳለ ልጠይቀው መጥቼ፣ ወረቀት ሰጥቼው "ምን ብለኸኝ ነበር? በሞቴ፣ ጻፍልኝ" ስለው፣ እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ ቆየና ባዶውን ወረቀት መለሰልኝ።

ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ክስ እንደማይፈልግ ሊያስረዳ ግንባሩን በፋሻ ታስሮ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ሲገናኙ ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ሲፈልግ ቆየና አንዱን ነካ። "ውድ ደንበኞቻችን፣ ለተፈጠረው ችግር ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን" አለ፣ በዚያ በጠራ ድምፁ። ወንድሜ "ጋሼ፣ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ እንጂ!" ብሎ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ከዚያ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። ለእኔ የሚሆን ለማግኘት እየነካ፣ እየተወ፣ ከላይ እስከ ታች ሄደ። አላገኘም። ስልኩን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

የማውቀው ይኸው ነው። ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያልሆነ አልተጨመረበትም፣ እውነት መሆኑንም በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________