ትንፍሽ የማይሉ ተሰብሳቢዎች

ዛሬ ጌዶ እሄዳለሁ ብዬ ጉደር ላይ በተቃራኒው የሚሄደው የአምቦ መኪና ውስጥ ገብቼ ቁጭ! መኪናው ከተነሣ በኋላ ነው የባነንኩት። በዚህ ሽበቴ እንዳይሳቅብኝ አፌን ዘጋሁ። ከጎኔ አንድ ገበሬና ተማሪ ልጁ ተቀምጠዋል፤ የልጅቱ ዓይን እንባ አቅርሯል።

«አባባ፣ እንመለስ። የዛሬውን የእንግሊዝኛ ፈተና ከወደቅኩ ክፍል መድገሜ ነው።»

«ምኑ ነው የከበደሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

«አጻጻፉ! ቢላዋን ናይፍ ይሉታል፤ ፊት ላይ የሚጻፈው ኬ ግን አይነበብም።»

«ካልተነበበ ተይዋ!»

«ብተወው ኤክስ ነው።»

«ይኼ ኬማ እኔ ነኝ!»

«እንዴት?»

«የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ፊት ወንበር ያስቀምጡኛል፤ ትንፍሽ አልልም። የቀረሁ ዕለት ግን ወዮልኝ!»

«ኧረ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማሃል!» አለች፤ ሳቋ ግን አመለጣት።

«ሌላስ?»

«ላምብ፣ የበግ ግልገል። መጨረሻ ላይ ያለው ቢ አይነበብም።»

«እሱ ኦቦ ዋቅጅራ ነው፤ በሩ ሥር ተቀምጦ የሚተኛው።»

«ናይት፣ ሌሊት። መሀል ላይ ጂ እና ኤች ዝም ይላሉ።»

«መንትዮቹ ናቸዋ! ተደጋግፈው የሚያንቀላፉት።»

ልጅቱ እየሳቀች ቆሎዋን አወጣች፤ ለእኔም በእፍኟ ሰጠችኝ። አምቦ ስንደርስ አባቷ፣ «እህ፣ እንመለስ?» አላት።

«ምን ሲደረግ! ዛሬ ፈተናው ላይ ከስብሰባው አንዳችሁም አትቀሩም!»

እኔም ለቆሎዋ «እግዜር ይስጥልኝ» እንኳ ሳልላት፣ ያቺ ምስጋና እስካሁን ዕዳ ሆናብኝ፣ ድምፄን ሳላሰማ የጌዶ መኪና ፍለጋ ወረድኩ።