አንዴ ጠርቶ ካላቆመ

እሑድ ጠዋት ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ለእኛ ለፋብሪካ ሴቶች የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ክፍል ተቀምጫለሁ። ልጄ ሰዒድ ሌሊቱን ሲያተኩሰው አድሯል። ለጎረቤቴ ለእትየ ዘሀራ ትቼው ስወጣ ተነጋግረናል፤ ሚስኮላቸው አንዴ ጠርቶ ከቆመ ልጁ ደህና ነው፣ ካላቆመ ብሶበታል ማለት ነው።

ቲቸር ሰሌዳው ላይ «ፒክ አፕ» ብሎ ጻፈና ትርጉሙን ጠየቀ። ከኋላ አንዷ «ፒካፕ መኪና ነዋ!» ስትል ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሱ ግን ኮስተር ብሎ፣ «ከመሬት ማንሳት አለ፣ ሰው ሄዶ ማምጣት አለ፣ ቋንቋ ከሰው ሰምቶ መልመድም አለ። ሌላስ? አንቺ ዝምተኛዋ!» አለኝ። ልክ ስነሳ ስልኬ እጄ ውስጥ ነዘረ። አሁን ያቆማል ብዬ ጠበቅኩ። አላቆመም።

«ስልክ ማንሳት» አልኩና አነሳሁት። «እትየ፣ ምን ሆነብኝ?» ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል። «ኧረ በአላህ ይናገሩ!» ብዬ ስጮህ፣ ድምፄን ሰምተው የማያውቁት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ያኔ ከሩቅ የእትየ ዘሀራ ቁጣ መጣ፤ «አንተ ሌባ፣ ስልኬን አምጣ! ካርዴን ጨረስከው እኮ!» ከዚያ የልጄ ሳቅና የእግሩ ኮቴ ተከተለ። ሌሊት ቀና ማለት ያቃተው ልጅ ስልክ ሰርቆ እየሮጠ ነው!

«አልሐምዱሊላህ» ብዬ ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። ስልኩን መዝጋት ነበረብኝ፣ የእትየ ካርድ እያለቀ ነው። አልዘጋሁትም።