ጋሽ ወልደየስን ሰላም በላቸው

(ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ፣ ኦማሃ የሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፤ እንዳልክ አሰላ ላሉት አባቱ የሚልከውን ቪዲዮ በስልኩ እየቀረጸ ነው፤ ጓደኛው ተካልኝ ግን አባትየው ማረፋቸውን ያውቃል፣ መርዶውን ለእንዳልክ የነገረው ሰው ገና የለም።)

እንዳልክ፦ ቅረብ እንጂ! ግማሽ ፊትህ ነው የሚታየው። «ጋሽ ወልደየስ፣ እንደምን ሰነበቱ» በል፣ አለቀ።

ተካልኝ፦ ነፋሱ ነው፤ ድምፄ አይሰማም።

እንዳልክ፦ የኔ ሲሰማ ያንተ ምን ሆኖ ነው የማይሰማው?

ተካልኝ፦ ጉሮሮዬን አሞኛል ብዬሃለሁ።

እንዳልክ፦ መቼ ነው ያመመህ? ቅድም መኪና ውስጥ ስልክ ላይ ስትጮህ አልነበር?

ተካልኝ፦ መጮኹ ነዋ ያሳመመኝ። ባክህ እንዳልክ፣ ጃኬትህን ዝጋና እንሂድ። በረደኝ።

እንዳልክ፦ ሳልጨርስ የትም አልሄድም! ባለፈው የአሮማንሽን ባሕር ዳርቻ ቀርጼ ብልክለት ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «ካሜራውን እንደ ወንፊት አታወዛውዘው፣ ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋብኝ» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ምነው ሁልጊዜ ብቻህን? እዚያ አገር ሰው የለህም እንዴ?» አለ። ያቺ ነገር ሆዴ ውስጥ ገባች። ዛሬ ሰው አለኝ ብዬ ላሳየው ነው፤ እና ሰው የተባልከው አንተ ነህ።

ተካልኝ፦ ሐውልቱ ጋ ቀርጸኸኝ የለም? እሱን ላክለት።

እንዳልክ፦ ጀርባህን ነው የቀረጽኩት! ካሜራ ባነሳሁ ቁጥር ትዞራለህ። የፖሊስ ተፈላጊ ይመስል።

ተካልኝ፦ ፀሐይ ዓይኔን እየወጋኝ ነው።

እንዳልክ፦ የቷ ፀሐይ? ደመናውን አታይም?

ተካልኝ፦ ኤጭ! ሰውዬ፣ አልቀረጽም ካልኩ አልቀረጽም። የግድ ነው እንዴ?

እንዳልክ፦ የግድ ነው። ቆይ ከመጀመሪያው ልቅረጸው፣ ተራህ ሲደርስ ብቻ ትገባለህ። አባዬ፣ ይኸው እንግዲህ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖቹ ከጀልባ የወረዱበት። ባሕሩ አሁን ሸሽቷል፤ ሲሞላ ግን እዚህ ግንቡ ሥር ድረስ ይመጣል። ጀርመኖቹ ከላይ እዚያ ጉብታው ላይ ነበሩ። አንተ እንዳልከው ነው፣ ሜዳው ራቁቱን ነው፤ መደበቂያ የለም። አሁን እዚሁ ላይ ሕፃናት በባልዲ የአሸዋ ቤት ይሠራሉ፣ ያውልህ። በዚህ በኩል ደግሞ የማን ልጅ መሰለህ? የአቶ ጉግሣ ልጅ! ና ተካልኝ፣ ሰላም በለው። ና እንጂ!

ተካልኝ፦ አጥፋው።

እንዳልክ፦ ሰላም በለው።

ተካልኝ፦ አጥፋው አልኩህ!

እንዳልክ፦ ይኸው፣ አበላሸኸው። «አጥፋው» ብሎ ሲጮህብኝ ልላክለት? ምን ሆነሃል አንተ?

ተካልኝ፦ ምንም አልሆንኩም። ሰናይት ደውላ ነበር፣ ቶሎ ኑ ብላለች።

እንዳልክ፦ ሰናይት? ቅድም ስደውልላት «እንዳትቸኩሉ፣ ተዝናኑ» ብላኛለች። ሚስቴ ሰናይት እኮ ነች! እሑድ ዳቦ ልግዛ ብዬ ስወጣ እንኳ የት ቆመህ ስታወራ ነው የምትለኝ ሴት፣ «ተዝናኑ» አለችኝ።

ተካልኝ፦ ያ ቅድም ነው። አሁን ሐሳቧን ቀየረች።

እንዳልክ፦ የሁላችሁም ሐሳብ ነው የተቀየረው። ስንት ዓመት ለመንኩህ! «አንድ ቀን አብረን ሄደን እንይ፣ ከቤታችን አንድ ሰዓት አይሞላም» ስልህ፣ «ከራሴ ጦርነት ሸሽቼ መጥቼ የሰው ጦርነት ልጎብኝ?» ነበር መልስህ። ዛሬ በጠዋት ራስህ በር አንኳክተህ፣ «ተነስ፣ ያንን የምትወደውን ቦታ እንየው» አልከኝ። እኔ ቂል ደስ አለኝ።

ተካልኝ፦ ጥፋት ነው? ደስ ይበለው ብዬ ነዋ።

እንዳልክ፦ ጥፋትማ አይደለም። መቃብር ቦታው ወሰድኩህ፣ ዞርክ። ሙዚየም ወሰድኩህ፣ ዞርክ። ያ አፉን የማያሳርፍ አስጎብኚ ሲያወራ አንገትህን ስትነቀንቅ ዋልክ። እኔ ራሴ ተሳስቼ እንግሊዞቹ ናቸው እዚህ ያረፉት ስልህ፣ «ልክ ነህ» አልከኝ።

ተካልኝ፦ የማላውቀውን ምን ብዬ ልከራከርህ?

እንዳልክ፦ አንተ የምትከራከረው የማታውቀውን ነገር ነው እኮ! ዕድሜ ልክህን!

ተካልኝ፦ እሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተሻሽያለሁ። አሁን ወደ መኪናው።

እንዳልክ፦ ሰላም ትለዋለህ፣ ከዚያ ወደ መኪናው።

ተካልኝ፦ ስልካቸው እንደሆነ ተበላሽቷል። ለማያዩት ቪዲዮ ምን ያስቸኩልሃል?

እንዳልክ፦ መበላሸቱን ከማን ሰማህ?

ተካልኝ፦ ከ… ከሰናይት።

እንዳልክ፦ ሰናይት ለእኔ ያለችኝ አሰላ ኔትወርክ ጠፍቷል ነው። ስልኩ ውሃ ውስጥ ወደቀ ያለችኝ እህቴ ብርሃኔ ናት።

ተካልኝ፦ ታዲያ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ኔትወርኩ ይጠፋላ!

እንዳልክ፦ ትቀልዳለህ?

ተካልኝ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? የስልክ ሠራተኛ ነኝ? ለምን እኔን ትመረምረኛለህ?

እንዳልክ፦ አባዬ ሙሉ ዕድሜውን ባሕር ኃይል ጀልባ ላይ የኖረ ሰው ነው። ምጽዋ ላይ በማዕበል መሀል አንድ ዕቃ ያልጣለ ሰው አሰላ ላይ ስልኩን ውሃ ውስጥ ጣለ? ቢጥልስ? የጎረቤት ስልክ ቀምቶ ደውሎ ይሰድበኝ ነበር እንጂ ሐሙስ የላክሁለትን ሳያይ ይቀመጣል?

ተካልኝ፦ ሽንት ቤት ልሂድ። የት ነው ያለው?

እንዳልክ፦ እዚህ የለም።

ተካልኝ፦ ላይኛው መንገድ ላይ አይቻለሁ።

እንዳልክ፦ ቁም! ጀርባህን አትስጠኝ። ይሄ ሰውዬ ምን በደለህ? አባትህ ከቤት ሲያባርርህ አልጋ ያነጠፈልህ ማን ነው?

ተካልኝ፦ እሳቸው ናቸው።

እንዳልክ፦ ስናጠፋ በዚያ በባሕር ኃይል ቀበቶው እኔንም አንተንም እኩል አልነበር የሚገርፈን? እንደ ልጁ አይደለም ያየህ?

ተካልኝ፦ እኩል አልነበረም። ለእኔ አንድ ይጨምሩልኝ ነበር። «አንተ ትልቁ ነህ፣ ማወቅ ነበረብህ» እያሉ።

እንዳልክ፦ እሱን ነው የያዝክበት? እስከ ዛሬ?

ተካልኝ፦ እንዳልክ፣ አፍህን ዝጋ። በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ፣ ስለ እሳቸው እንዲህ እያልክ አታናግረኝ።

እንዳልክ፦ ለምን አላናግርህም? በመጪው ክረምት ሊመጣ አይደል? ቪዛው ከወጣ እዚሁ ነው የማመጣው። አሸዋ ላይ የሚሄድ ባለ ትልልቅ ጎማ ወንበር ያከራያሉ፣ ጠይቄአለሁ። እስከ ውሃው ጫፍ እገፋዋለሁ። ያኔም እንዲህ ፊትህን ልታዞርበት ነው?

ተካልኝ፦ ወይ አምላኬ! ኧረ ተወኝ! ተወኝ በቃ!

እንዳልክ፦ ምንድነው የምትጮኸው? ሰው እያየን ነው።

ተካልኝ፦ ይየን!

እንዳልክ፦ ሦስት ቃል እኮ ነው። እንደምን ሰነበቱ፣ ጋሼ። ከፈለግክ ያቺን ሴትዮ ቅረጪን እላታለሁ፣ አብረን እንላለን።

ተካልኝ፦ አልልም።

እንዳልክ፦ ለምን?

ተካልኝ፦ አልችልም።

እንዳልክ፦ ለምንድነው የማትችለው?

ተካልኝ፦ መኪናው ጋ እጠብቅሃለሁ።

እንዳልክ፦ ተካልኝ፣ ቤት ማን አለ?

ተካልኝ፦ ማን ይኖራል? ሰናይት አለች።

እንዳልክ፦ ሌላስ?

ተካልኝ፦ ልጆቹ።

እንዳልክ፦ ከልጆቹ ሌላ።

ተካልኝ፦ አባ መጥተዋል። ከፓሪስ።

እንዳልክ፦ ቄሱ ምን ሊያደርጉ መጡ?

ተካልኝ፦ ቤት ሊባርኩ።

እንዳልክ፦ በጥምቀት ባርከውት የለም?

ተካልኝ፦ ያንን ካሜራ አጥፋው።

እንዳልክ፦ አጥፍቼዋለሁ። መቼ ተቀበረ?

ተካልኝ፦ እኔ አልነግርህም! ብቻህን አይነገርህም፣ ገባህ? ሰው አለ ቤት። ከሩዋን የመጡ አሉ፣ ከፓሪስ የመጡ አሉ። ወንበር ስንለማመን ነው ያደርነው፣ ታች ያለችው ፈረንሳዊት እንኳ የምግብ ቤቷን ወንበሮች ሰጥታናለች። ማን እንደሚናገር፣ ማን በየት በኩል እንደሚቀመጥ ተነጋግረናል። እኔ የተሰጠኝ አንድ ሥራ ነው፦ አውለው፣ ስንደውል አምጣው። አለቀ። እሷንም አበላሸሁ።

እንዳልክ፦ መርዶ በጠዋት አይደል የሚነገረው?

ተካልኝ፦ አባ ቅዳሴ ነበረባቸው። ከዚያ በፊት እንዴት ብለው ይምጡ?

እንዳልክ፦ እና እስከዚያ አንተ ከኔ ጋር ሐውልት ስትጎበኝ ዋልክ።

ተካልኝ፦ ምን ላድርግ ታዲያ? አንተን ቀኑን ሙሉ ከቤት የሚያስወጣ ሌላ ምን ነገር አለ? ኳስ አትወድ፣ መጠጥ አትጠጣ! ከዚህ ባሕርና ከዚህ ግንብ በቀር የምትወደው ነገር የለህም!

እንዳልክ፦ አትጩህብኝ።

ተካልኝ፦ እጮሃለሁ! አንተ ብቻ ነህ የምትናደደው? እኔ ከዓርብ ጀምሮ አንዲት እንባ አላወጣሁም። «ዓይንህ ቀልቶ ያውቅብሃል» ብላ ሰናይት ከለከለችኝ። መቃብሩ ቦታ እነዚያን ነጫጭ መስቀሎች ሳይ ልፈነዳ ደርሼ ነበር፤ አንተ ደግሞ ክንዴን ይዘህ «ሰልፉን እየው፣ በየት በኩል ብታየው ቀጥ ያለ ነው» ትለኛለህ! ምን ብዬ ልመልስልህ? «ልክ ነህ» አልኩህ። እሳቸው እኮ ለእኔም አባቴ ናቸው! «እንደምን ሰነበቱ» በላቸው ስትለኝ፣ በምን አፌ ልበል?

እንዳልክ፦ ብትል ኖሮ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ተካልኝ፦ ምኑ?

እንዳልክ፦ ከዓርብ ጀምሮ ሆዴ ነግሮኛል። ብርሃኔ በስልክ ስታወራኝ ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ነበር። ዛሬ ደግሞ አንተ ስትመጣ… ግን ተካልኝ በሞተ ሰው አይቀልድም አልኩ። እሱ «እንደምን ሰነበቱ፣ ጋሼ» ካለ ሰውዬው ደኅና ነው፣ እኔ ነኝ የማሟርተው ብዬ ነው። ለዚያ ነው ያን ያህል የለመንኩህ። አንዴ ብትልልኝ እኮ አምንህ ነበር።

ተካልኝ፦ እንዳልክ…

እንዳልክ፦ አትንካኝ። ከነካኸኝ እዚሁ ነው የምቀረው። ማን ነው የሚነግረኝ?

ተካልኝ፦ አባና ጋሽ ዘውገ።

እንዳልክ፦ ጋሽ ዘውገ የሩዋኑ? እግራቸውን የታመሙት?

ተካልኝ፦ በሁለት ሰው ተደግፈው ነው ደረጃውን የወጡት። «እንዳልክን እኔ ነኝ የምነግረው» ብለው።

እንዳልክ፦ እንግዲያው የመኪናውን ቁልፍ አውጣ። እኔ ምንም አልሰማሁም።

ተካልኝ፦ ምን ማለት ነው?

እንዳልክ፦ አልሰማሁም ማለት ነው። አንተም ምንም አልነገርከኝም። እኚያ ሽማግሌ በዚያ እግራቸው ደረጃ ወጥተው፣ ሰው ሥራውን ጥሎ መጥቶ፣ በልመና ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ «ሰምቼ ነው የመጣሁት» ብዬ ልግባ? አንተንስ «ምስጢር አንድ ቀን መያዝ አቅቶት አፈሰሰው» እንዲሉህ? ሲያበሳጭህ የዋለውን የጦርነት ወሬ እያወራሁ እገባለሁ።

ተካልኝ፦ ትችላለህ?

እንዳልክ፦ እስከ በሩ እችላለሁ። ጋሽ ዘውገ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ከኋላዬ ቁም፣ እወድቃለሁ።