የግራናዋ ልጅ እጀታ

የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬቴን እቤቴ ራሴ ነው የምሠራው፤ መርሳ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ዋንዛ ልጌ፣ ጎማውን በኮላ ለጥፌ ሳበቃ ከሱቅ የተገዛ ነው የሚመስለው። እጀታው ላይ ግን ሁሌም እሸነፋለሁ፤ ብሞርደው ብሞርደው መዳፌን ይቆረቁረኛል። ባለፈው ለዋንጫ ጨዋታ ዘይነባ የምትባል፣ ከጎረቤት ከተማ ከግራና የመጣች ልጅ ደረሰችኝ። እሷም ራኬቷን ራሷ ነው የሠራችው አሉኝ። ወፍራም፣ ጠቆር ያለ የወይራ እጀታውን አየሁና በሆዴ ሳቅሁ። ጨዋታው ሲጀመር ግን ሳቄ የት እንደገባ እንጃ፤ የመታሁትን ሁሉ ትመልሰዋለች። እረፍት ላይ አላስቻለኝም፣ "እስቲ ልየው" ብዬ ተቀበልኳት።

ወገኖቼ፣ ምን ልበላችሁ! እጀታው የወንዝ ድንጋይ ይመስል ልሙጥ ነው። አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ጎድጎድ ብሎ ይጠብቀኛል፤ ሌሎቹም ጣቶቼ ሳላዛቸው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። "በምን ብርጭቆ ወረቀት ነው እንዲህ ያለሰለስሽው?" አልኳት። "ኧረ እኔ አልነካሁትም" አለች። "የአባዬ እርፍ ነው። አላህ ይዘንላቸውና፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እሱን ጨብጠው ነው ያረሱት። እኔ ቆርጬ መምቻውን ብቻ ገጠምኩበት።" እጄ ላይ ያለው ነገር ድንገት ከበደኝ። ለካ ያ ጎድጓዳ የመሮ ሥራ አይደለም፤ የሰው አውራ ጣት ነው ያን ጠንካራ ወይራ የቦረቦረው። "ነፍሳቸውን ይማር" ብዬ፣ ለሽማግሌ እንደሚሰጥ ጎንበስ አልኩና በሁለት እጄ መለስኩላት። ማን አሸነፈ እንዳትሉኝ። እኔ እኮ ከአንዲት ልጅ ጋር ብቻ የምጫወት መስሎኝ ነበር።